የዘንገና ዝናብ ወዴት ይሄዳል?
በአዊ ደጋ ስለ ሐይቅ፣ ስለ ረግረግና ስለ ወንዝ

ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ቲሊሊንና ከሳን ያለፈ መንገደኛ፣ ከመንገዱ ጥቂት ገባ እንዳለ በዛፍ የተከበበ ክብ ሐይቅ ያገኛል። ይህ ዘንገና ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 1 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ጥልቀቱ ግን 166 ሜትር ነው። ለንጽጽር ያህል፣ ከእርሱ በስተሰሜን ያለውና 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍነው ጣና፣ እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

የዘንገናን ጠርዝ ትቶ ጥቂት የተጓዘ ሰው ደግሞ ፍጹም የተለየ የውሃ መልክ ይገጥመዋል። በኮረብታዎች መካከል የተዘረጋ ለጥ ያለ መስክ፣ በክረምት እግር የሚያሰምጥ፣ በበጋ ሣሩ ቶሎ የማይደርቅ፣ ፈረስና ከብት የሚሰማራበት ረግረግ ያያል። ከረግረጉ የታችኛው ጫፍ አንዲት ቀጭን ጅረት ትወጣለች፤ ወርዳም ከሌሎች ጋር ተገናኝታ ወንዝ ትሆናለች።

የሁለቱም ዝናብ አንድ ነው። ድንጋዩም ቢሆን በአመዛኙ አንድ ዓይነት፣ ማለትም እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ባዛልት ነው። ታዲያ ውሃው በአንዱ ስፍራ 166 ሜትር ጠልቆ ሲከማች በሌላው ከጉልበት የማያልፍ ረግረግ ሆኖ የቀረው ለምንድን ነው? ከዚህ ጥያቄ ጀርባ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም ለዕውቀት ጥማት ብቻ የሚጠየቅ አይደለም። በመጋቢትና በሚያዝያ ያችን ቀጭን ጅረት በሕይወት የሚያቆያት ማን ነው? ረግረጉ ነው ወይስ ኮረብታው? መልሱ የተሳሳተ እንደሆነ የሚጠበቀው ቦታም የተሳሳተ ይሆናል።

የውሃ ጣሪያ

የአዊን ደጋ እንደ ቤት ጣሪያ ብንመለከተው ነገሩ ይቀልልናል። ከእንጅባራ ከፍታ ወደ ሰሜን ያዘነበለው ክፍል ውሃውን ለግልገል ዓባይ ይሰጣል፤ ግልገል ዓባይም በ1786 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለው ጣና ይገባል። ወደ ደቡብ ያዘነበለው ክፍል በፈታም በኩል በቀጥታ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። በምዕራቡና በደቡብ ምዕራቡ ወገን ደግሞ ዱራ፣ አርዲና ግልገል በለስ ወደ ቆላው ይጣደፋሉ። በምሥራቅ በኩል ጎረቤት በሆነችው ሰከላ የሚገኘው ግሽ ዓባይም የዚሁ የጣሪያ ሥርዓት አካል ነው። ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ጄምስ ብሩስም በ1770 ያዩት ይህ ምንጭ ከዓለት እየተወረወረ የሚወጣ ፏፏቴ አይደለም፤ ከረግረጋማ መስክ በዝግታ የሚወጣ ውሃ ነው። የዓለም ረጅሙ ወንዝ አንዱ ክንድ አጀማመሩ እንዲህ ያለ ጨዋ መሆኑ አንዳንድ ጎብኚዎችን ያሳዝናል ይባላል። ለፊዚክስ ሰው ግን ትልቁ ፍንጭ ይኸው ነው።

በጣሪያው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን የወደቁ ሁለት ጠብታዎችን እናስብ። አንዱ በጣና በኩል ዞሮ፣ ሌላው በፈታም በኩል ወርዶ፣ ሁለቱም በመጨረሻ የሚደርሱት እ.ኤ.አ. በ2025 በተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ነው። የግድቡ ሐይቅ ሲሞላ የውሃው ወለል በ640 ሜትር ከፍታ ላይ ይሆናል። ስለዚህ ከ2500 ሜትር የተነሣ እያንዳንዱ ኪሎ ግራም ውሃ 1860 ሜትር ይወርዳል። ይህን በመሬት ስበት ፍጥንጥነት ስናበዛው ወደ 18000 ጁል የሚጠጋ ጉልበት እናገኛለን። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ድንጋይ በማንከባለል፣ አፈር በማጠብና በሰበቃ ይባክናል፤ አፈር የመጠረጊያው ጉልበት ምንጩ ይኸው መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ሦስተኛም መንገድ አለ፤ እርሱን የከፈተው ግን የሰው እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ፣ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ዋሻ የጣናን ውሃ ወደ በለስ ወንዝ ያሻግራል።

የጣሪያው ዝናብ ብዙ ነው፤ ክፍፍሉ ግን እኩል አይደለም። በዳንግላ ጣቢያ የሚለካው ዓመታዊ ዝናብ ወደ 1500 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ከአሥር እጅ ዘጠኙ የሚወርደው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባሉት 180 ቀናት ምድሪቱ የምትኖረው ባስቀመጠችው ነው። እንግዲህ ዋናው ጉዳይ የት ታስቀምጣለች የሚለው ነው።

በውሃ የፈነዳው ጉድጓድ

ዘንገና የተፈጠረው ሞቃት ቅልጥ ዓለት ወደ ላይ ሲወጣ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር በመገናኘቱ ነው። ውሃ በተራ የአየር ግፊት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ይዞታው 1700 እጥፍ ያህል ይሰፋል። በዓለት ተከብቦ መውጫ ያጣ እንፋሎት ሽፋኑን በርግዶ ይወጣል፤ በስፍራውም ሰፊ፣ ክብና ጥልቅ ጉድጓድ ይቀራል። ሳይንቲስቶች እንዲህ ያለውን ጉድጓድ በጀርመን አገር አይፍል ከሚባለው አካባቢ በተወሰደ ቃል «ማር» ይሉታል፤ ከንብ ማር ጋር ዝምድና የለውም። በዚያው በአዊ የሚገኘው የጥርባ ሐይቅም፣ የቢሾፍቱ ሐይቆችም የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውጤቶች ናቸው።

አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። ፍንዳታው እንዲከሰት አስቀድሞ በዓለቱ ውስጥ ውሃ መኖር ነበረበት። ስለዚህ ዘንገና ዝናብ የሞላው ባዶ ሳህን ብቻ አይደለም፤ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ የተከፈተ መስኮት ነው ማለት ይቻላል።

መስኮቱ እስከ ዛሬ ክፍት መሆኑን በቀላል የሒሳብ መዝገብ ማሳየት ይቻላል። ወደ ዘንገና የሚገባ ወንዝ የለም፤ የሚወጣም የለም። ገቢው ዝናብና ከጠርዙ ውስጣዊ ገጽ የሚወርድ ውሃ ነው። ወጪው ደግሞ ትነት ነው። በዚህ ከፍታ ከተንጣለለ ውሃ በቀን በአማካይ 4 ሚሊ ሜትር ይተናል ብንል፣ በዓመት 1460 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እንጅባራ ከዳንግላ ያነሰ ዝናብ የሚያገኝ ደጋ አይደለም፤ ከጠርዙ የሚወርደው ሲጨመርበት ገቢው ከትነቱ ይበልጣል። እንዲህ ከሆነ ሐይቁ ከዓመት ዓመት እየሞላ ጠርዙን ባለፈ ነበር። አላለፈም። ስለዚህ ትርፉ በማይታይ መንገድ፣ በግድግዳውና በወለሉ ስንጥቅ ወደ ዓለቱ ይሰርጋል ማለት ነው። ወንዝ የሌለው ሐይቅም ቢሆን ይፈሳል።

ምን ያህል ቀስ ብሎ? የገጹን ስፋት ግማሽ ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ቅርጹንም እንደ ተገለበጠ ሾጣጣ እንውሰድ። ይዞታው የገጹ ስፋት በጥልቀቱ ተባዝቶ ለሦስት ሲካፈል ማለት ነው፤ ወደ 28 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። ጣና ከዚህ 1000 እጥፍ ያህል ይይዛል፤ የገጹ ስፋት ግን 6000 እጥፍ ነው። ከዘንገና በዓመት ግማሽ ሜትር ውሃ በስርገት ይወጣል ብለን ብናስብ፣ ሐይቁን በሙሉ በዚሁ መንገድ ለመለወጥ 110 ዓመት ያህል ያስፈልጋል። የግማሽ ሜትሩ ግምት የእኔ ነው፤ ተማሪው ሌላ ቁጥር ወስዶ ሊሞክር ይችላል። በሌላ ቁጥርም ቢሰላ፣ የዘንገና ውሃ ዕድሜ በሰው ዘመን እንጂ በወቅቶች የሚቆጠር አይሆንም።

ረግረግ ስፖንጅ ነውን?

በትምህርት ቤት መጻሕፍትም ሆነ በአካባቢ ጥበቃ ንግግሮች ውስጥ አንድ ምሳሌ በየጊዜው ይደጋገማል፤ «ረግረግ እንደ ስፖንጅ ነው፤ በክረምት ውሃ ይመጥጣል፣ በበጋ ይለቃል» የሚል። ምሳሌው ለጆሮ ይጥማል። በፊዚክስ ሚዛን ሲቀመጥ ግን ይጎድለዋል።

ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ እ.ኤ.አ. በ1856 ያሳተመው ሕግ በአፈር ውስጥ የሚያልፍ ውሃ በሁለት ነገሮች እንደሚወሰን ያስረዳል፤ በአፈሩ የማሳለፍ ችሎታና በውሃው ወለል ተዳፋትነት። የሁለቱ ብዜት የፍሰቱን መጠን ይሰጣል። በሸለቆው ወለል ላይ ያለው ጥቁር የዋልካ አፈር ነው፤ እርጥብ ሆኖ ሲያብጥ ውሃ የሚያሳልፈው እጅግ በዝግታ ነው። በቀን 1 ሴንቲ ሜትር ያሳልፋል እንበል፤ ይህም ለእንዲህ ዓይነት አፈር ቸርነት ነው። ተዳፋቱ ከመቶ አንድ ቢሆን ፍሰቱ በቀን አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ይሆናል። የአፈሩ ግማሽ ይዞታ ክፍተት ቢሆን እንኳ፣ በረግረጉ መካከል ያለ አንድ ጠብታ በ180 የበጋ ቀናት ውስጥ ወደ ጅረቱ የሚጠጋው 3.6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የሁለት ጣት ስፋት ያህል መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ኮረብታው እንውጣ። በዚያ ያለው ቀይ አፈርና ከሥሩ ያለው የተሰባበረና የበሰበሰ ባዛልት ነው። የማሳለፍ ችሎታው በቀን 2 ሜትር፣ ተዳፋቱ ከመቶ አምስት፣ ክፍተቱ ከአሥር አንድ ቢሆን፣ ጠብታችን በቀን 1 ሜትር፣ በ180 ቀናት 180 ሜትር ይጓዛል። ቁጥሮቹ ከቦታ ቦታ ይለያያሉ፤ በሁለቱ መካከል ያለው የሺዎች እጥፍ ልዩነት ግን አይጠፋም።

ሌላም ማስረጃ አለ፤ እርሱን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። በበጋ የረግረጉ ሣር በቀን 4 ሚሊ ሜትር ውሃ ወደ አየር ይሰጣል ብንል፣ በ180 ቀናት 72 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይተናል። ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 2.45 ሚሊዮን ጁል የፀሐይ ጉልበት ይወጣል፤ በበጋ ሰማይ ይህ ጉልበት አይታጣም። ረግረጉ የሚኖረው በራሱ ክምችት ብቻ ቢሆን ኖሮ በየካቲት ደርቆ በተሰነጣጠቀ ነበር። ሣሩ በመጋቢት አረንጓዴ ከሆነ፣ ከኮረብታው ሥር ሥሩን የሚመጣ ውሃ አለ ማለት ነው። በእንጅባራ ጥር 23 ቀን በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ያን ሁሉ ፈረስ የሚያይ ሰው፣ በበጋው መካከል የሚበላው ሣር ከየት መጣ ብሎ ቢጠይቅ መልሱን ከኮረብታው ያገኘዋል።

ይህ የእኔ የብቻዬ ሐሳብ አይደለም። ቡሎክና አክርማን የተባሉ ሁለት የሃይድሮሎጂ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጽሑፍ በልዩ ልዩ አገሮች የተካሄዱ 169 ጥናቶችን መርምረው ነበር። በደረቅ ወቅት ስለሚኖረው ፍሰት ከተናገሩት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ፣ ረግረጎች የወንዙን ውሃ እንደሚቀንሱ እንጂ እንደማይጨምሩ ያመለከቱ ናቸው። ምክንያቱ ትነት ነው።

የክረምቱም ነገር ከስፖንጁ ምሳሌ ጋር አይስማማም። በሐምሌና በነሐሴ ረግረጉ እስከ አፉ የሞላ ጽዋ ነው፤ በላዩ የወደቀ ዝናብ የሚገባበት ቦታ ስለሌለው ወዲያው ይፈሳል። በሰሜን ምዕራብ ደጋችን በተደረጉ ጥናቶች እንደታየው፣ ለጎርፉ ትልቁን ድርሻ የሚያበረክተው ብዙ ጊዜ ውሃ የሚያስገባው የኮረብታ አፈር ሳይሆን ይህ የጠገበ የሸለቆ ወለል ነው። ከባሕር ዳር በስተደቡብ ባለው በደብረ ማዊ የተጠኑት ትላልቅ ቦረቦሮችም የተቆረሱት ውሃ በጠገበው የታችኛው መሬት ላይ ነው።

የእንስራው ቀዳዳ

ታዲያ ረግረግ ጥቅም የለውም፣ ይንጠፍጠፍና ይታረስ ማለት ነውን? እንዲህ ብሎ የሚደመድም ሰው የሒሳቡን ግማሽ ብቻ ሠርቷል።

ጎኑ ላይ ቀዳዳ ያለበት እንስራ እናስብ። ውሃው የሚቆመው በቀዳዳው ከፍታ ልክ ነው። እንስራው ኮረብታው ነው፤ ቀዳዳው ረግረጉ። በረግረጉ መካከል አንድ ሜትር የሚጠልቅ ቦይ የሚቆፍር ሰው ቀዳዳውን አንድ ሜትር ዝቅ አደረገው ማለት ነው። በዙሪያው ባለ 100 ሄክታር ተዳፋት ላይ የከርሰ ምድሩ ውሃ ወለል በአማካይ ግማሽ ሜትር ቢወርድ፣ የአፈሩም ሊፈስ የሚችል ክፍተት ከአሥር አንድ ቢሆን፣ የሚወጣው ውሃ 50000 ሜትር ኩብ ነው። በቀን 20 ሊትር ለሚጠቀም ሰው ቢታደል ለ14000 ሰው ያህል ለስድስት ወር ይበቃል። ይህ ውሃ ቦዩ በተቆፈረበት ዓመት ጅረቱን ያወፍረዋል፤ ቆፋሪውም ይመሰገናል። ክምችቱ ግን ወደ ቀድሞ ከፍታው አይመለስም፤ በተዳፋቱ ላይ ያሉት የእጅ ጉድጓዶችም በየዓመቱ ቀደም ብለው ይነጥፋሉ። የዋልካው አፈር በበኩሉ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በቀጣዩ ክረምት ጎርፍ በስንጥቁ ገብቶ ቦዩን ወደ ቦረቦር ይለውጠዋል፤ ቀዳዳውም ማንም ሳይቆፍረው እየወረደ ይሄዳል።

እንስራው በሌላም መንገድ ይጎድላል፤ ይህኛው ከዓይን የተሰወረ ነው። በአዊ ዞን፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬው «ዲከረንስ» የሚለውን የግራር ዓይነት በሰፊው ተክሏል። ዛፉ በአራትና በአምስት ዓመት ደርሶ ለከሰል ይቆረጣል፤ ብዙ ቤተሰብም ከድህነት ወጥቶበታል። አሲዳማ የሆነውን መሬት ማገገሙም ይነገርለታል። ስለዚህ ዛፉን በጭፍን መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም። ነገር ግን ሥሩ ከሰብል ሥር የጠለቀ ዛፍ በበጋ ሰብል የማይደርስበትን ውሃ ይጠጣል። በቀን 1 ሚሊ ሜትር ብቻ አብልጦ ቢጠጣ፣ በ180 ቀናት ከ100 ሄክታር 180000 ሜትር ኩብ ይሆናል። በቦዩ ከጠፋው ከሦስት እጥፍ ይበልጣል፤ የሚጠፋውም በየዓመቱ ነው። ረግረጉን ማንም ሳይነካው ሊደርቅ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። በረግረግ ዳር የሚተከለው ባሕር ዛፍም ያው ሒሳብ ይመለከተዋል።

ኮረብታው በሙሉ በዛፍ ይሸፈን ወይስ ከፊሉ? የትኛው ተዳፋት? ይህ በስብሰባ የሚወሰን ሳይሆን በልኬት የሚመለስ ጥያቄ ነው። ልኬቱ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ውጭ ላሉ ሰዎች የሚከብድ አይደለም። በዳንግላ ወረዳ በዳንገሽታ የሚኖሩ ገበሬዎች እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የዝናቡን መጠን፣ የወንዙን ከፍታና የጉድጓዶቻቸውን ውሃ ወለል ራሳቸው እየለኩ መዝግበዋል። ተመራማሪዎች መዝገቡን ከመደበኛ ጣቢያዎች ጋር አነጻጽረው አስተማማኝ ሆኖ አግኝተውታል።

ለተማሪዎች የሚሆን ልኬት

ከዝናብ ማብቂያ በኋላ የጅረት ፍሰት የሚቀንሰው ብዙ ጊዜ እንደ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ነው፤ በእኩል ጊዜ ውስጥ በግማሽ ይወርዳል። የግማሽ ጊዜው 40 ቀን የሆነ ጅረት ኅዳር 1 ቀን በሴኮንድ 80 ሊትር ቢሰጥ፣ መጋቢት 1 ቀን 10 ሊትር ይሰጣል። የግማሽ ጊዜው ወደ 30 ቀን ያጠረ እንደሆነ በዚያው ቀን የሚቀረው 5 ሊትር ነው። የአሥር ቀን ልዩነት የበጋውን ውሃ ለሁለት ከፈለው። (ከጳጉሜን በቀር ወሮቻችን ሁሉ 30 ቀን መሆናቸው ለእንዲህ ያለ ሠንጠረዥ እጅግ ምቹ ነው።)

በአካባቢያችሁ አንዲት ትንሽ ጅረት ምረጡ። ቀጥ ያለ 10 ሜትር ርዝመት ለክታችሁ አንድ ሎሚ ከላይ ጣሉና ታች እስኪደርስ ያለውን ጊዜ በሰዓት ያዙ። ፍጥነቱን በጅረቱ ስፋትና በአማካይ ጥልቀቱ አባዙት፤ ላይኛው ውሃ ከታችኛው ስለሚፈጥን ውጤቱን በ0.8 አስተካክሉት። ከኅዳር 1 ጀምሮ በየ10 ቀኑ ይህን ደግማችሁ፣ የፍሰቱን ሎጋሪዝም በቀናቱ አንጻር በሚሊ ሜትር ወረቀት ላይ ሣሉት። ነጥቦቹ በቀጥታ መስመር ላይ ከዋሉ ከተዳፋቱ የግማሽ ጊዜውን ታገኛላችሁ። ከዚያ በኋላ ኮረብታው በዛፍ ከተሸፈነና ካልተሸፈነ፣ ረግረጉ ቦይ ከተቆፈረበትና ካልተቆፈረበት ሁለት ጅረቶች መስመሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጡ። መስመሩ በድንገት የተሰበረ እንደሆነ ግን ከሒሳቡ በፊት ላይኛው በኩል ማን መስኖ እንደጠለፈ ጠይቁ።